ምን ጎድሎብዎት ነው?

ሾላ ገበያ አጠገብ በምሠራበት መድኃኒት ቤት፣ ሐኪም ካዘዘው መድኃኒት ቀጥሎ በብዛት የምጠየቀው ቫይታሚን ነው። «ኢሚዩኒቲ የሚጨምር ነገር ስጪኝ» ይሉኛል። ጉንፋን የተመላለሰባቸው ወጣቶች፣ ልጃቸው ምግብ አልበላ ያላቸው እናቶች፣ ዋሽንግተን ያለች ልጃቸው የላከችላቸውን ጄሊ መሳይ ቫይታሚን ጨርሰው ባዶውን ዕቃ ይዘው የሚመጡ አዛውንቶች። ለሁሉም የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ ምን ጎድሎብዎት ነው?

አንዳንዱ ይቀየመኛል። ገንዘቡን ይዞ የመጣን ሰው መመርመር ምን ይሉታል የሚል ፊት አያለሁ። ቢሆንም ጥያቄውን አልተውም፤ ስለ ምግብና በሽታን ስለ መከላከል አቅም በጥናት ተረጋግጦ የተያዘው ነገር ሁሉ የሚዞረው በእሱው ዙሪያ ነውና። ቫይታሚን የጎደለበትን ሰው ከሞት ያድናል። ላልጎደለበት የሚጨምርለት እጅግ ትንሽ ነው፤ ሲበዛ ደግሞ የሚጎዳበት ጊዜ አለ።

አልፍሬድ ሶመር የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ያጠና የነበረው ስለ ዳፍንት ነው። ዳፍንት የያዘው ልጅ ቀን ሲሮጥ ውሎ ሲመሽ ከጥግ አይነሳም፤ ቢነሳም ዕቃ እየመታ ይሄዳል። መንስኤው የቫይታሚን ኤ እጥረት ነው። ሶመር የሰበሰበውን መረጃ መልሶ ሲያየው ያልጠበቀው ነገር ገጠመው። ዳፍንት የነበረባቸው ልጆች ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ይሞቱ ነበር። ዳፍንት ደግሞ አይገድልም፤ የሚገድለው ተቅማጡ፣ ኩፍኙ፣ የሳንባ ምቹ ነው። ታዲያ የዓይን ቫይታሚን የተባለው ነገር ከተቅማጥ ጋር ምን አገናኘው?

መልሱን ለማግኘት አቼህ በተባለው የኢንዶኔዥያ ክፍለ ሀገር 450 መንደሮችን ያካተተ ሙከራ ተደረገ። በግማሽ ያህሉ መንደሮች ልጆች በየስድስት ወሩ አንድ የቫይታሚን ኤ እንክብል ወሰዱ፤ በቀሩት ሙከራው እስኪያልቅ አልተሰጠም። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1986 ታተመ። እንክብሉ በደረሰባቸው መንደሮች የልጆች ሞት በ34 በመቶ ያነሰ ነበር። ብዙ ሳይንቲስቶች ለማመን ተቸገሩ። ዋጋው ጥቂት ሳንቲም የሆነ እንክብል ይህን ያህል ሕይወት ያድናል ማለት ከበዳቸው። ከዚያ በኔፓል፣ በሕንድና በጋና ተደገመ፤ የሙከራዎቹ ውጤት አንድ ላይ ሲታይም የሞቱ ቅነሳ ወደ ሩብ ይጠጋል። በሕክምና ታሪክ ከዚህ በረከሰ ዋጋ ይህን ያህል ልጅ ያተረፈ ነገር ብዙ አላውቅም።

ልጇን ጤና ጣቢያ የምታመላልስ እናት እንክብሉን በዓይኗ ታውቀዋለች። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ላለው ሕፃን ሰማያዊው፣ 100,000 ዩኒት፤ ከዚያ እስከ አምስት ዓመት ቀዩ፣ 200,000 ዩኒት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጫፉን በመቀስ ቆርጣ ልጁ አፍ ውስጥ ትጨምቀዋለች። በዓመት ሁለቴ ብቻ መሆኑ የሚያስጨንቃቸው ወላጆች «በየወሩ ገዝተን ብንሰጠውስ?» ይሉኛል። አያስፈልግም። ቫይታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሰውነት ለወራት ከዚያ እየቆነጠረ ይጠቀምበታል። በዚሁ ምክንያት ያለ ልክ የገባው በቀላሉ አይወጣም። እርጉዝ ሴት ከፍተኛ መጠን ያለውን ብትወስድ ፅንሱ ላይ የአካል ጉድለት ሊያስከትል ይችላል። ለእርጉዝ ሴት ቫይታሚን ከመስጠቴ በፊት የዕቃውን ጀርባ አንብቤ መጠኑን የማየው ለዚህ ነው።

ቫይታሚን ኤ ከበሽታ የሚከላከልበት አሠራር እንዲህ ነው። ከውጭ የሚመጣ ጀርም በመጀመሪያ የሚያገኘው ነጭ የደም ሴልን አይደለም፤ የዓይንን፣ የአፍንጫን፣ የአየር ቧንቧንና የአንጀትን እርጥብ ሽፋን ነው። ቫይታሚን ኤ ሲጎድል ይህ ሽፋን እርጥበቱን ያጣል፣ ይሻክራል፣ ጀርም የሚገባበት ክፍተት ይፈጠርበታል። ከዚህ በተጨማሪ አንጀትን የሚጠብቁት ነጭ የደም ሴሎች ወደዚያ እንዲያመሩ የሚያደርጋቸው ከቫይታሚን ኤ የሚሠራ ኬሚካል ነው። በቤታችን ካለው ምግብ ጉበት፣ እንቁላልና ቅቤ ቫይታሚኑን እንዳለ ይዘውታል። ካሮት፣ ዱባ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ጎመንና ብርቱካናማው ስኳር ድንች ደግሞ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ንጥረ ነገር ይሰጣሉ፤ ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ ካልነካቸው ግን አንጀት በደንብ አይቀበለውም። ካሮት ብቻውን ቀቅሎ ፈጭቶ ለልጅ የሚያበላ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጠብ ቢያደርግበት ልፋቱ ፍሬ ያገኛል።

የራሳችን ከተማም ለዓለም ያሳወቀችው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው አዲስ አበባ በሚገኘው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል ያካሄዱት ጥናት ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጣ። የሳንባ ምች የያዛቸው 500 ልጆች ከሌሎች 500 ልጆች ጋር ተነጻጸሩ። ከታመሙት መካከል 210ሩ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ ከሌሎቹ 20ዎቹ ብቻ። ሌሎች ምክንያቶች ተቀናንሰው ሲሰላ እንኳ ሪኬትስ ያለበት ልጅ በሳንባ ምች የመያዝ ዕድሉ ወደ 13 እጥፍ ሆነ። ሪኬትስ ከቫይታሚን ዲ ወይም ከካልሲየም እጥረት የሚመጣ የአጥንት መለስለስ ነው። የጎድን አጥንቱ የለሰለሰበት ልጅ አክታውን ገፍቶ ለማውጣት የሚያበቃ ሳል የለውም። ከዚያ ሌላ፣ ነጭ የደም ሴሎች ጀርም የሚገድል ንጥረ ነገር ለማምረት ቫይታሚን ዲ ይፈልጋሉ፤ የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ በተመለከተ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. በ2006 በግልጽ ታይቷል።

የ13 ወር ፀሐይ ባለበት አገር ፀሐይ ያጣ ሕፃን መኖሩ ያሳዝነኛል። ምክንያቱ ግን የሚታወቅ ነው። አራስ ቤት በጋቢና በፎጣ ይጠቀለላል፣ የሰው ዓይን ይፈራለታል፣ ብርድ ይመታዋል ይባላል። አሁን ደግሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ የሚያድገው ልጅ ፀሐይን የሚያገኘው በመስታወት በኩል ነው። ብዙ እናቶች በመስኮት የገባው ሙቀት የሚበቃ ይመስላቸዋል። ቫይታሚን ዲ የሚያመርተውን ጨረር መስታወት አያሳልፈውም። ረፋዱ ላይ በረንዳ ወይም ግቢ ወርዶ እጁንና እግሩን ገልጦ ለጥቂት ጊዜ ማሞቅ ነው የሚሻለው። የልጁ ሐኪም የቫይታሚን ዲ ጠብታ ካዘዘ በየቀኑ እንደታዘዘው ይሰጠው። አንዴ በብዛት ሰጥቶ መገላገል ግን አይሠራም፦ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ካቡል ውስጥ ከ3,000 በላይ ለሆኑ ሕፃናት በየሦስት ወሩ ትልቅ መጠን ቢሰጥም የሳንባ ምች አልቀነሰም።

ስለ ቫይታሚን ሲ ግን ብዙ አልልም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አዲስ አበባ በገባ ሰሞን ሾላ ላይ ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ ሲወደዱ፣ በየመድኃኒት ቤቱ ቫይታሚን ሲና ዚንክ ከመደርደሪያ ጠፉ። እምነቱ የቆየ ነው። ሁለት የኖቤል ሽልማት ያገኘው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ እ.ኤ.አ. በ1970 ቫይታሚን ሲ በብዛት መውሰድ ጉንፋንን ይከላከላል የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ ዓለምም ተቀበለው። ከ11,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸው 29 ሙከራዎች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በየቀኑ ቫይታሚኑን የወሰደ ተራ ሰው ጉንፋን የሚይዘው ካልወሰደው እኩል ነው። የሚታመምበት ጊዜ ብቻ በትንሹ ያጥራል፤ በአዋቂ ወደ 8 በመቶ፣ በልጅ ወደ 14 በመቶ። የተለዩት የማራቶን ሯጮች፣ የበረዶ ላይ ተንሸራታቾችና በከባድ ብርድ ልምምድ ላይ የነበሩ ወታደሮች ናቸው፤ በእነሱ ላይ ጉንፋኑ በግማሽ ቀንሷል። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው ከ75 እስከ 90 ሚሊ ግራም ነው። አንድ ሺህ ሚሊ ግራም የሚል ክኒን የሚውጥ ሰው አብዛኛውን በሽንቱ ይሸኘዋል። እኔ የማዝነው ቃሪያችን እያለ ነው። በእኩል ክብደት ሲታይ ጥሬ ቃሪያ ያለው ቫይታሚን ሲ ከብርቱካን በብዙ ይበልጣል። ሎሚ ምስር ወጥ ላይ ጠብ ማድረግ ደግሞ ከምስሩ የሚገኘውን አይረን ሰውነት እንዲቀበለው ያግዛል። ሻይ ግን ተቃራኒውን ይሠራል፤ ለልጅ ቁርስ ዳቦ በሻይ መስጠት የለመደ ቤት ሻዩን ቢተውለት ይበጃል።

ዚንክ ላይ መቆየት እፈልጋለሁ፤ በአገራችን ሳይታወቅ ብዙ ጉዳት የሚያደርሰው የእሱ እጥረት ይመስለኛል። አርሲ ውስጥ ዶዶታ ሲሬ በተባለው ወረዳ ኢትዮጵያውያንና ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች ለስድስት ወር ያህል ለሕፃናት በቀን 10 ሚሊ ግራም ዚንክ ሰጡ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 ታተመ። ከዕድሜያቸው ያጠሩት ሕፃናት ዚንክ ሲያገኙ በስድስት ወር 7 ሴንቲ ሜትር አደጉ፤ ያላገኙት አቻዎቻቸው 3 ሴንቲ ሜትር እንኳ አልሞሉም። ሳሉ፣ ተቅማጡና ትኩሳቱም ቀነሰላቸው። የሚጎድለው ነገር ሲሞላ ቁመትና ጤና አብረው ተነሡ።

እጥረቱ የሚመጣው እህሉ ዚንክ አጥቶ ብቻ አይደለም። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ዚንኩንና አይረኑን ጨምድዶ ይይዛቸዋል፤ አንጀትም ሳይቀበላቸው ያልፋሉ። ፋይቴትን የሚፈታው ማቡካትና ማብቀል ነው። በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ከቦካ ሊጥ የተጋገረ እንጀራ ከቂጣ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በቆልትም እንዲሁ። ለሕፃን ገንፎ እህሉን ከማስፈጨት በፊት አብቅሎ ማድረቅ ብዙ እናቶች ከአያቶቻቸው የተረከቡት ልማድ ነበር፤ የከተማው ኑሮ ጊዜ ነስቶን እየተውነው ነው። ጠዋት ተቦክቶ ማታ የሚጋገረው እንጀራም ስሙ እንጀራ ይሁን እንጂ ይህ ጥቅም አይኖረውም።

ልጇ ተቅማጥ ይዞት ለመጣች እናት ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ እሰጣለሁ፦ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ በቀን 20 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በታች 10፣ ለ10 ቀን። ተቅማጡ በሦስተኛው ቀን ቆመ ብለው አብዛኞቹ ያቋርጡታል። እለምናቸዋለሁ። ተቅማጡ ራሱ ዚንክ አጥቦ ይወስዳል፤ የቀሩት ቀናት የተጎዳውን አንጀት ለመጠገንና የሚቀጥለውን ተቅማጥ ለመከላከል ናቸው።

ስለ አንጀት እንነጋገር። የአንጀታችን ውስጠኛ ሽፋን ተዘርግቶ ቢለካ 30 ካሬ ሜትር ገደማ፣ የአንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ወለል ያህል ይሆናል። ውፍረቱ ግን የአንድ ሴል ብቻ ነው። ሴሎቹ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ እየረገፉ በአዲስ ይተካሉ። ዚንክና ቫይታሚን ኤ ሲጎድሉ ጉዳቱ አንጀት ላይ ቶሎ የሚታየው ለዚህ ነው፤ ያለ እነሱ አዲስ ሴል በአግባቡ አይሠራም። ከሽፋኑ ሥር ደግሞ አንቲቦዲ ከሚያመርቱት የሰውነታችን ሴሎች አብዛኞቹ ሰፍረዋል፤ የሚያመርቱትንም በየቀኑ ወደ አንጀት ያፈስሳሉ። ከሽፋኑ በላይ ወደ 38 ትሪሊዮን የሚገመቱ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ በብዛት ያሉት በትልቁ አንጀት ነው።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚበሉት እኛ መፍጨት የማንችለውን ፋይበር ነው፦ የሽሮን፣ የምስርን፣ የንፍሮን፣ የጎመንን፣ የገብስ ቆሎን አሰር። እሱን ሲያብላሉ ቡቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። ቡቲሬት ለትልቁ አንጀት ሴሎች ዋና ምግባቸው ነው፤ ከዚያም አልፎ የመከላከያ ሴሎች ያለ ምክንያት እንዳይቆጡ ያረጋጋቸዋል። ፋይበር ሲጎድልባቸውስ? እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የአይጥ ጥናት ባክቴሪያዎቹ የተራቡ ጊዜ የአንጀቱን መከላከያ ንፍጥ መብላት ጀመሩ፤ ንፍጡ ሳሳ፤ በሽታ አምጪውም ጀርም በቀላሉ ደረሰ። የጾም ማዕዳችን በዚህ በኩል ባለጸጋ ነው። የምሰጋው በርገርና ድንች ጥብስ፣ ጣፋጭ ብስኩትና የታሸገ ጭማቂ ላይ እያደገ ላለው የከተማ ልጅ ነው። በሌላ በኩል እናት ስትጾም ለትንሹ ልጅ እንቁላልና ወተት ለብቻ ማዘጋጀት ድስቱን ያስገድፋል ተብሎ ሲቀር አያለሁ። ሕፃን ጾም የለበትም፤ አንድ ትንሽ ድስት ለእሱ መለየት ይበቃል።

የተጎዳ አንጀት ክትባትንም ያደክማል። በአፍ የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባት በበለጸጉ አገሮች ከባድ ተቅማጥን ከ85 በመቶ በላይ ሲከላከል፣ በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች በተደረጉ ሙከራዎች ግማሽና ከዚያ በታች ሆኗል። ከምክንያቶቹ አንዱ ከቆሻሻ ውሃና ከተደጋጋሚ ተቅማጥ የተነሣ የልጆቹ አንጀት ሁልጊዜ የቆሰለ መሆኑ ነው ተብሎ ይታመናል። ግማሽ መከላከያ ደግሞ እጅግ ብዙ ሕይወት ነው፤ ልጅ ሳይከተብ አይቅር። እጅ መታጠቢያ ሳሙናም ከቫይታሚን ያላነሰ ነገር ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ ያስደሰተኝ ጥናት ከባንግላዴሽ የመጣ ነው። ጄፍሪ ጎርደን የተባሉት አሜሪካዊ ሳይንቲስትና የዳካ ባልደረቦቻቸው የቀጨጩ ልጆች አንጀት ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከዕድሜያቸው ወደ ኋላ የቀሩ መሆናቸውን አዩ። የጎደሉትን ባክቴሪያዎች የሚመግብ ምግብ ፈለጉ፤ ያገኙትም ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከለውዝና ከጥሬ ሙዝ የተቀመመ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ሙከራ ይህን የበሉ ልጆች፣ የበለጠ ኃይል ሰጪ የሆነውን የተለመደ ምግብ ከበሉት በተሻለ ክብደት ጨመሩ። ሽምብራውም ለውዙም አኩሪ አተሩም ከመድኃኒት ቤታችን ማዶ በጆንያ ተዘርግቶ ይሸጣል።

ስለ ቦካ ምግብም ይጠይቁኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤናማ አዋቂዎችን በሁለት ከፍሎ አንዱን ወገን ለ10 ሳምንት እርጎና የመሳሰሉ የቦኩ ምግቦችን አበላ። የአንጀታቸው ባክቴሪያ ዓይነት በዛ፤ የሰውነት መቆጣትን የሚያሳዩ 19 ፕሮቲኖችም በደማቸው ውስጥ ቀነሱ። እንጀራና ቆጮ ምጣድ ላይ ሲወጡ ሕያው ባክቴሪያቸው ይሞታል፤ የእንጀራው ጥቅም ፋይቴቱን በመፍታት በኩል ነው። እርጎና ስልጆ ግን ከቦኩ በኋላ እሳት ሳይነካቸው ይበላሉ። እርጎ የሚረጋው ወተት አስቀድሞ ይፍላ፤ ካልፈላ ወተት ብሩሴሎሲስና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ይመጣል። ለሕፃን ግን ከእናት ጡት የሚቀድም ነገር የለም። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቢጫ እንገር አንቲቦዲ የሞላበት ነው። እሱን አልቦ ጥሎ ለአራስ ሕፃን ቅቤ የሚያስልስ ቤተሰብ ዛሬም አለ፤ አያቶችን በአክብሮት «እማማ፣ እሱ የመጀመሪያው ክትባቱ ነው» ብዬ አስረዳቸዋለሁ፣ አብዛኞቹም ይሰሙኛል።

በመጨረሻም በየቀኑ የምከራከርበት ጉዳይ አለ። «ጉንፋን ይዞኛል፤ ለጥንቃቄ አሞክሳሲሊን ስጪኝ» የሚል ሰው አይጠፋም። ጉንፋን የቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም። የሚነካው የአንጀቱን ባክቴሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት 12 ጤናማ ወንዶች ሦስት ጠንካራ አንቲባዮቲኮችን ለአራት ቀን ብቻ ወሰዱ። አብዛኛው ባክቴሪያቸው ለመመለስ አንድ ወር ተኩል ፈጀ፤ ዘጠኝ የተለመዱ ዓይነቶች ግን ከስድስት ወር በኋላም አልተገኙም። ስለዚህ ያለ ትእዛዝ አልሰጥም፤ ቢቆጡኝም ሌላ ቦታ ቢሄዱም። ሐኪም ያዘዘውን ግን እስከ መጨረሻው ይውሰዱ፣ አያካፍሉ፣ ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ። የሚያስለው ልጅ ቶሎ ቶሎ ከተነፈሰ፣ ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ፣ ቫይታሚንም ዝንጅብልም ሳይሉ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ይዘውት ይሂዱ።